በሰኔ የተተከለ፣ በመስከረም የተጀመረ፦ በገላን ወገን የአንድ ጓሮ ጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን ጻፍኩት

በከተማ ግብርና ሥራዬ ብዙ ጓሮ አያለሁ። አብዛኛው ይመሳሰላል። ሰው ይተክላል፣ ግማሹ ይጸድቃል፣ ግማሹ ይደርቃል፣ በቃ። ይህኛው ግን ከጓሮ አልፎ የአንድ ቤተሰብን ትልቅ ውሳኔ ነክቷል። እንቆይ ወይስ እንሂድ የሚል ውሳኔ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ አዲስ የገባ ሰው ሁሉ በሆነ ሰዓት ይህን ጥያቄ ይጠይቃል። ስለዚህ ቢጻፍ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ አመንኩ።

የማንንም ስም አልጠቅስም። ባለታሪኳ በሃምሳዎቹ አጋማሽ ያሉ እናት ናቸው። ሰፈሩ “እትዬ” ይላቸዋል፣ እኔም እዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ። እንዲጻፍ ፈቅደዋል። “ስሜ ከቀረ ሌላው ይጻፍ፣ ያበላሸሁትም አይቅር” ብለውኛል።

መነሻው

እትዬ ለረጅም ዓመት መሀል ከተማ ጉልት ተቀምጠው አትክልት ሸጠዋል። አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረ ጊዜ ገና ሳይነጋ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር ተከተሉት። በኋላ ወደ ላፍቶ ሲሄድም ተከተሉት። ገዢዎቻቸው ግን ያው የሰፈራቸው ሰዎች ነበሩ። ማን በዱቤ እንደሚወስድ፣ ማን ቃሪያ እንደማይበላ፣ ማን ጾም ሲገባ ሁለት እስር ጎመን እንደሚፈልግ ያውቃሉ።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ተነሳ። እሳቸው፣ ሴት ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው በገላን ወገን ምትክ ቤት ደረሳቸው። ግንቦት ላይ ገቡ። ቤቱ ከድሮው ይሻላል። ከጀርባውም ወደ 60 ካሬ የሚሆን ባዶ መሬት አለው። የጎደለው ሌላ ነው። ደንበኛ የለም። እድሩ ተበትኗል። ልጃቸው የምትሠራው መሀል ከተማ ስለሆነ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ትወጣለች፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች። እትዬ እጅ ላይ የቀረው የመጨረሻው የእቁብ ብር ነበር።

ስለ መሬቱ ትንሽ ልበል፣ ጉዳዩ ያለ እሱ አይገባም። አፈሩ ጥቁር ነው። የአካባቢው ገበሬ ኮትቻ ይለዋል። ከአቃቂ በዱከም አድርጎ እስከ ቢሾፍቱ ያለው ሜዳ በብዛት እንዲህ ነው። ጤፍና ሽምብራ የሚወደው አፈር ነው፣ ጠባዩ ግን ከባድ ነው። ውስጡ ያለው ሸክላ ብዙ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እዚያ አካባቢ የቤት ወለልና ግድግዳ ቶሎ የሚሰነጠቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ክረምት ላይ ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም፣ ላዩ ላይ ይተኛል። የተክል ሥር ደግሞ ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል።

ችግሩ

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና እትዬ ያላቸውን ሁሉ መሬት ውስጥ ከተቱ። የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ገዙ። ሁለት የተዳቀለ አቮካዶ ጨመሩ። የቆስጣ ዘር በተኑ። ከአንድ ከብት አርቢ በጋሪ ትኩስ ፍግ አስመጥተው በላዩ አለበሱት። መሬቱ ሜዳ ነው፣ መደብ አልተሠራም፣ ቦይም የለም።

ሐሳባቸው ለምን እንደዚያ እንደሄደ ይገባኛል። ዝናብ ሲመጣ ይተከላል፣ ሁላችንም የምናውቀው ይህን ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ አገር ሁሉ ችግኝ ሲተክል አይተዋል። ለጫካ ዛፍ፣ ውሃ በሚያሳልፍ መሬት ላይ፣ ልክ ነው። ለቲማቲም፣ ውሃ በሚተኛበት ኮትቻ ላይ፣ ልክ አይደለም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጓሮው ኩሬ ሆነ። ቆስጣው ከመሬት ሳይላቀቅ ቢጫ ሆነ። ቲማቲሙ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ቁስል አወጣ፣ ግንዱም ጠቆረ። ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ነው። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገጥሙለት በጥቂት ቀን ማሳ ይጨርሳል። አቮካዶው ደግሞ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጠወለገ። ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል። ሥሩ ታፍኖ ሲበሰብስ ውሃ መሳብ ያቆማል፣ ከላይ ሲያዩት የጠማው ይመስላል። እትዬም የጠማው መስሏቸው ውሃ ጨመሩለት።

በዚያው ሰሞን በራቸው ላይ ጉልት ከፍተው ነበር። ሽንኩርትና ድንች ከላፍቶ እያመጡ ዘረጉ። የመንደሩ ግማሽ ቤት ገና ሰው አልገባበትም። የገባውም ከሥራ ሲመለስ ከለመደው ቦታ ገዝቶ ነው የሚመጣው። ሸቀጡ በሰበሰ፣ ጉልቱም ታጠፈ።

ነሐሴ ሲገባ ብሩ አልቆ ነበር። ልጃቸው “ቤቱን ዘግተን መሀል ከተማ አንድ ክፍል እንከራይ” አለች። እትዬም ሊስማሙ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ያወቅኳቸው በዚህ ጊዜ ነው። የመጡት ምትክ ችግኝ ፍለጋ ነው፣ ያውም ዛሬውኑ። “ሁሉም ሰው ታገሺ ይለኛል። ምን እየሠራሁ? እስከ መቼ? ይህን የሚነግረኝ የለም” አሉ። ይህ ንግግር ጉዳዩን ሁሉ ይዟል ብዬ አምናለሁ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ እስከ መስከረም ምንም አለመትከል ነበር። ይህን ያሉት ከመንደሩ ጀርባ ማሳ ያላቸው አዛውንት ገበሬ ናቸው። ጓሮውን አብረን ስናይ አጥሩን ተደግፈው ቆሙና “እህቴ፣ ይህ መሬት ሲርስ አትንኪው፣ ሲደርቅም አትንኪው። መሀሉን ጠብቂ” አሏቸው።

የተናገሩት በሙያም ልክ ነው። ኮትቻ በረጠበበት ሲረገጥና ሲቆፈር ይታመቃል፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ዶማ ይመልሳል። የሚቆፈረው በመሀል ባሉ ጥቂት ቀናት ነው። መለኪያው ቀላል ነው። ከአንድ ስንዝር ጥልቀት ጭብጥ አፈር አውጥቶ መጨበጥ። ጣት ላይ ከተለጠፈ ቀኑ አልደረሰም። በአውራ ጣት ሲነኩት ከፈረሰ ደርሷል።

አዛውንቱ ራሳቸው የሚሠሩት በዚሁ ነው። ጤፉን በሐምሌ ይዘራሉ። ሽምብራውን ግን ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ ወዲህ ነው የሚዘሩት። ሽምብራ አፈሩ ባስቀረው እርጥበት አድጎ ያፈራል፣ ቆሞ የሚተኛ ውሃ አይወድም። እትዬ ይህን ሲሰሙ ገረማቸው። ለስንት ዓመት እሸት ሽምብራ በእስር ሲሸጡ ኖረዋል። ዝናብ ሲሄድ የሚዘራ መሆኑን ግን አያውቁም ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ ለጥበቃው ሥራ መስጠት ነው። ባዶ እጅ መጠበቅ ሰውን ያሳብዳል። ብስባሽ ተጀመረ። የቆስጣው ቅሪት፣ ጭድ፣ ያ ትኩስ ፍግና የወጥ ቤት ልጣጭ ተደራርቦ በላስቲክ ተሸፈነ። በሽታ የነካው ቲማቲም ተለይቶ ተወገደ። በዚያ ብርድ ብስባሽ ለመብላላት ሦስት ወርና ከዚያም በላይ እንደሚፈልግ ነገርናቸው። በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ውስጥ፣ ታቹ ተበስቶ፣ የቆስጣና የጎመን ችግኝ በጣሪያው ጥላ ሥር ተዘራ። ይህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው።

ሌላም ሥራ ነበር፣ እኔ በጣም የወደድኩት። የልጅ ልጃቸው ዝናብ በጣለ ቁጥር ወጥቶ ውሃው የሚተኛበትን ቦታ በእንጨት ምልክት ያደርጋል። ይህን በበጋ ማወቅ አይቻልም። ክረምት ካለፈ ዓመት መጠበቅ ነው። መስከረም ሲገባ ቦዩ በየት በየት መሄድ እንዳለበት ጓሮው ራሱ ተናግሮ ነበር።

ሦስተኛው እርምጃ ከእትዬ ከራሳቸው የመጣ ነው። ስለ እርሻ ባያውቁም ስለ ገበያ ያውቃሉ። “ቆስጣ የሚፈለገው ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ነው” አሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ቆጠርን። ከዘር እስከ ቅጠል ወደ ሁለት ወር፣ ለማዛመቻ፣ ችግኙን ወደ መሬት ለማዛወር ማለት ነው፣ ትንሽ ቀን። ስለዚህ የጄሪካኑ ችግኝ ከመስቀል በኋላ መሬት መግባት አለበት። ዐቢይ ጾም በ2017 የሚገባው የካቲት 17 ነበር። ለሱ ደግሞ ቀይ ሥርና ካሮት። ሦስት ወር ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ኅዳር ላይ ይዘራሉ። ይህ ሁሉ በደብተር ወረቀት ተጽፎ በሩ ላይ ተለጠፈ። አቮካዶው በወረቀቱ ታች ብቻውን ተጻፈ። የተዳቀለ ቢሆንም ፍሬ ለማየት ሦስት ዓመት ግድም ይጠብቃል። ከቆስጣ ጋር በአንድ ሐሳብ መያዝ የለበትም።

አራተኛው የቤተሰቡ ነው። እናትና ልጅ በየማታው “እንሂድ፣ አንሂድ” እየተባባሉ ይጣሉ ነበር። አንድ የድሮ ጎረቤታቸው፣ የእድሩ ዳኛ የነበሩ ሰው፣ ሊጠይቋቸው መጥተው አረጋጓቸው። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እስከ ፋሲካ ይህ ነገር አይነሳ። ከፋሲካ በኋላ ግን ተቀምጣችሁ ወስኑ፣ ዝም ብሎ አይቅር” አሏቸው። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። ቀኑ በዚያው ወረቀት ላይ ተጻፈ።

የሠራው

መስከረም መጀመሪያ ላይ ከአዛውንቱ በተገኘ ዘር አንዱ ጥግ ሽምብራ ሆነ። መስቀል ካለፈ በኋላ አፈሩ ፈረሰ፣ በጣት ሲነኩት ማለት ነው። የሰፈር ልጆች ተሰበሰቡና ቦዩ ተቆፈረ። የወጣው አፈር ወደ ላይ ተከምሮ ከፍ ያሉ መደቦች ሆነ። አንድ ሰው ከዳር ሆኖ መሀሉ ላይ እጁ እንዲደርስ ስፋታቸው ከአንድ ሜትር ትንሽ በለጠ። ችግኙ ተዛመተ።

ኅዳር 15 ሲደርስ ቆስጣው ለቆረጣ ደርሶ ነበር። እትዬ በራቸው ላይ እንደገና ጉልት ዘረጉ። ቦታው ያው፣ ሴትየዋም ያው ናቸው። የተለወጠው ወሩ ነው። በመሀሉ ብዙ ቤት ሰው ገብቶበታል፣ ጾም ነው፣ ከሥራ የሚመለስ ሰው ደክሞታል። ቆስጣውንም ቀድመው አይቆርጡትም። ሰው ሲጠይቅ ጓሮ ገብተው ቆርጠው ይሰጣሉ። ይህ ወሬው ቶሎ ዞረ። ሽምብራው በገና ሰሞን እሸት ሆኖ በእስር ተሸጠ። ውሃ አልጠጣ፣ ማዳበሪያ አልተጨመረለት። ከሁሉም ያነሰ ድካም የወሰደው እሱ ነው።

ብሩ የተነገረኝ ቢሆንም አልጽፈውም። ወር ሙሉ ቤት የሚያኖር አልነበረም። የልጁን የትምህርት ቤት ወጪ ግን ሸፈነ። እትዬን ደግሞ ከሰው ጋር አገናኛቸው። አዲሱ እድር ሲቋቋም ስም ለመመዝገብ በየቤቱ የዞሩት እሳቸው ናቸው፣ በየቤቱ ማን እንዳለ በጉልቱ አውቀው ነበርና።

ያልሠራው

ብስባሹ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ተከፈተ። ገና ሁለት ወሩ ነው፣ ጭዱ በዓይን ይታያል። እትዬ “እንዲህም ይበቃል” ብለው አንዱ መደብ ላይ ቀላቀሉት። የዚያ መደብ ጎመን ብቻውን ገረጣ። ያልተብላላ ጭድ አፈር ውስጥ ሲገባ፣ የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳት ተክሉ የሚፈልገውን ናይትሮጅን ለራሳቸው ይወስዱታል። ቀሪውን ሸፍነን ተውነው። ታኅሣሥ ላይ ሲከፈት ጥቁርና ፍርፍር ብሎ የጫካ አፈር የሚሸት ሆኖ ነበር።

ቲማቲምም እንደገና ተሞከረ፣ ጥቅምት ላይ። አዛውንቱ “ብርዱ ይለፍ፣ ጥር ይግባ” ብለው ነበር። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ችግኙ በብርዱ ቀጭጮ ቆየ። ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ወርዶ ጨረሰው። እትዬ ለቆስጣ ጠብቀው ለቲማቲም ያልጠበቁበትን ምክንያት ጠየቅኳቸው። “የቲማቲም ዋጋ ጨምሮ ነበራ” አሉ። ገበያ ሲጠራ መሬት መልስ ላይሰጥ ይችላል፣ ይህን በዓይናችን አየን።

የካቲት ላይ ደግሞ ውሃ ሌላ ችግር ሆነ። ቧንቧው በፈረቃ ነው። መሬቱ መሰንጠቅ ጀመረ፣ ስንጥቁም ሥር ይበጥሳል። ጭድ ቢነጠፍበት ይረዳ ነበር፣ ተነጠፈም፣ ግን ዘገየ። ካሮቱ ግማሹ ተሰነጠቀ። ቀይ ሥሩ ትንንሽ ሆኖ ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ቤተሰቡ ተቀመጠ። ልጅቷ ሐሳቧን አልለወጠችም። የመንገዱ ድካም ጓሮ የሚያቃልለው አልነበረም። ከሥራ ባልደረባዋ ጋር መሀል ከተማ ክፍል ተከራየች፣ ቅዳሜና እሁድ ትመጣለች። እትዬና የልጅ ልጃቸው ቆዩ። ይህን በየትኛው ርዕስ ሥር ልጻፈው ብዬ ብዙ አሰብኩ። እትዬ ልጃቸው አብራቸው እንድትኖር ይፈልጉ ነበር፣ ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። ነሐሴ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ተኳርፈው ይለያዩ ነበር። አሁን ተነጋግረው ነው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ለዚህ ጓሮ ትልቁን እውቀት የሰጡት አዛውንት ማሳቸው ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው። ከተማው እየገፋ ይመጣል። ሽምብራ የሚዘሩበት አንዱ ማሳ ባለፈው ዓመት ለግንባታ ተለክቷል። ለእትዬ “እስከ መስከረም ጠብቂ” ማለት ይቻላል፣ መስከረም ይመጣልና። ለእሳቸው ታገሱ የምልበት አንደበት የለኝም።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ እኔ በሥራዬ ላይ የለወጥኩት ነገር አለ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ሲመጣ ታገስ ብዬ አልሸኝም። ጥበቃው የሚያልቅበትን ቀንና እስከዚያ የሚሠራውን ሥራ ሳልነግር አላሰናብትም። እትዬን ያቆማቸው በሩ ላይ ያለው ወረቀት ነው። ኅዳር 15፣ የካቲት 17፣ ሚያዝያ 12። የተቆረጠ ቀን ያለው ሰው በመሀል ያለውን ብርድና ጭቃ ይችላል።

ቀን ሲቆረጥ ከሚፈለገው ነገር ወደ ኋላ መቁጠር ይጠቅማል። ዝናብ መጣ ብሎ መነሳት ሌላ ነው፣ ኅዳር ላይ ምን እፈልጋለሁ ብሎ መነሳት ሌላ ነው። ሱቅ ለሚከፍትም፣ ቤት ለሚቀይርም ይሆናል። የመጀመሪያው ጉልት የከሸፈው እትዬ መሸጥ ስለማይችሉ አይደለም፣ መንደሩ ገና ስላልሞላ ነው። ያን ጊዜ “እኔ ለዚህ ቦታ አልሆንም” ብለው ደምድመው ነበር። ያልሆነ ጊዜንና ያልሆነ ሥራን መለየት ከባድ ነው። አንድ ጊዜ በከሸፈ ነገር ላይ ፍርድ ከመስጠት በፊት፣ ወሩን ቀይሮ አንዴ መሞከር ተገቢ ይመስለኛል። ሁለተኛውም በልክ በሆነ ጊዜ ከከሸፈ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ነገሮች በአንድ ዓይን ማየትም ይጎዳል። ቆስጣ በሁለት ወር፣ ካሮት በሦስት፣ አቮካዶ በሦስት ዓመት። እትዬ ሰኔ ላይ ከሁሉም የጠበቁት በአንድ ጊዜ ነበር። ጓደኝነትና አዲስ ሰፈር ከአቮካዶው ወገን ናቸው። የዕለት ወጪ ከቆስጣው ወገን ነው። ቆስጣ ሳይተክሉ አቮካዶ መጠበቅ ቤት ያስርባል።

እውቀት የሚገኝበትም ሰው ቅርብ ነው። አዲስ ገቢዎች የአካባቢውን ገበሬ ብዙ ጊዜ አይጠይቁም። በቋንቋው ያፍራሉ፣ ወይም ከተሜነት ይይዛቸዋል። በዚያ መሬት ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ግን አጥሩ ሥር ቆሟል።

በጥቁር አፈር ላይ ዘንድሮ ለምትጀምሩ አጭሩ ነገር ይህ ነው። ክረምቱን ውሃው የሚተኛበትን ምልክት በማድረግና ብስባሽ በመጀመር አሳልፉ። ችግኙን ነሐሴ መጨረሻ በጄሪካን አፍሉ። ከመስቀል በኋላ አፈሩን ጨብጡና ሲፈርስ ቆፍሩ። መደቡን ከፍ አድርጉ። ቲማቲምና ቃሪያን ብርዱ እስኪያልፍ አቆዩ። ጭዱን የካቲት ሳይገባ አንጥፉ።

አሁን ያለበት

በ2017 ክረምት እትዬ እንደገና አንድ የተዳቀለ አቮካዶ ተክለዋል፣ በዚህ ጊዜ ከቦዩ በራቀ፣ ከፍ ባለ ጉብታ ላይ። ክረምቱን በቅጠሉ ወጥቷል። ሽምብራው ጥግ ሰፍቷል። ቦዩ ግን አዲስ ጥያቄ አምጥቷል። ከሳቸው ጓሮ የሚወጣው ውሃ ዝቅ ወዳለው የጎረቤት ግቢ ይገባል። ጎረቤቱ ቅሬታ አቅርበዋል፣ ልክም ናቸው። ሦስት ቤቶች ተሰብስበው አንድ የጋራ መውረጃ እስከ መንገዱ ድረስ ለመቆፈር ተነጋግረዋል። የማን አጥር ሥር እንደሚያልፍ ገና አልተስማሙም፣ ቁፋሮው ግን ሰኔ ሳይገባ እንዲያልቅ ቀን ቆርጠዋል።